የትምህርት አወቃቀር ለውጥና የተማሪዎች መዝገብ ፕሮግራም

በነቀምቴ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን መዝገብ በድረ ገጽ በሚሠራ ፕሮግራም ለመያዝ ቢወስን፣ ፕሮግራሙ በልዩ ልዩ ሞጁሎች ተከፍሎ ይዘጋጃል። አንደኛው ሞጁል ምዝገባን፣ ሁለተኛው የውጤት አያያዝን፣ ሦስተኛው የማስረጃ አሰጣጥን ያከናውናል። የሥራ ክፍፍሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሞጁሎቹ አላግባብ የተቆራኙ ከሆነ አንዱ ሲነካ ሌላው ይናጋል።

ለዚህ ዐቢይ ምሳሌ የሚሆነው የአገሪቱ የትምህርት አወቃቀር ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት 8 ዓመት ይፈጅ ነበር፤ በ10ኛ ክፍል ማብቂያም ብሔራዊ ፈተና ይሰጥ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ግን 6 ዓመት የመጀመሪያ፣ 2 ዓመት የመካከለኛ፣ 4 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ይዟል፤ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀርቷል።

እንግዲህ «የመጀመሪያ ደረጃ በ8ኛ ክፍል ይፈጸማል» የሚለው ደንብ በሦስቱም ሞጁሎች ውስጥ ተጽፎ ቢሆን፣ ሦስቱንም ማረም ግድ ይሆናል። አንዱ ቢዘነጋ፣ የምዝገባው ሞጁል የ7ኛ ክፍል ተማሪን በመካከለኛ ደረጃ ሲመድበው፣ ማስረጃው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ያደርገዋል። ጉዳቱም የሚደርሰው ማስረጃውን ይዞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት በሚዛወረው ልጅ ላይ ነው።

መፍትሔው ሊለወጥ የሚችለውን ነገር ሁሉ ከሞጁሎቹ አውጥቶ በአንድ የቅንብር ሰንጠረዥ ማስፈር ነው። የደረጃዎች ወሰን፣ ፈተና የሚሰጥባቸው ክፍሎች፣ የዘመን አቆጣጠርና የማስረጃው ቋንቋ በዚህ ይመዘገባሉ። የአስተዳደር ስያሜም እንዲሁ ነው፤ በቀድሞው የወለጋ ክፍለ ሀገር ከነበሩት ከተሞች ነቀምቴ ዛሬ የምሥራቅ ወለጋ፣ ጊምቢ የምዕራብ ወለጋ፣ ሻምቡ የሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ ደምቢ ዶሎ የቄለም ወለጋ ዞን መቀመጫ ናቸው። እያንዳንዱ ሞጁል ሰንጠረዡን ይጠይቃል እንጂ በሌላው ሞጁል ውስጣዊ አሠራር አይመካም።

ይሁን እንጂ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

1ኛ/ አዲስ ቅንብር ሲገባ አሮጌው መሰረዝ የለበትም፤ እያንዳንዱ ደንብ የጸናበት ዘመን አብሮ ይመዝገብ። በቀድሞው አወቃቀር 10ኛ ክፍልን የተፈተነ ሰው ዛሬ ማስረጃ ቢጠይቅ፣ ሊዳኝ የሚገባው በዘመኑ ደንብ ነው።

2ኛ/ ቅንብሩን የመለወጥ ሥልጣን ለታወቀ ኃላፊ ብቻ ይሰጥ፤ ለውጡም በሁሉም ሞጁሎች አስቀድሞ ይሞከር። አንዲት የተሳሳተች ቁጥር ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ታሳስታለችና።

ስለሆነም የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከመረከባቸው በፊት፣ «ነገ አወቃቀሩ ቢለወጥ ስንት ቦታ ይታረማል?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል። ተገቢው መልስ «አንድ ቦታ» የሚል ነው።