«ፋይዳህን አውሰኝ» ሲሉን



ሰሞኑን በጀመዓችን መካከል የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ጓደኛዬ ከኦንላይን ካዚኖ ገንዘቡን ለማውጣት ፋይዳህን አውሰኝ አለኝ። እኔ አልተጫወትኩም፤ ምን አለበት?» ለጁምዓ ከአምስት ኪሎ ፒያሳ ኑር (በኒን) መስጊድ የምንወርድ ልጆች ቁማርን በቤቲንግ ቤት በር ላይ ነበር የምናውቀው። አሁን ኪሳችን ገብቷል።

ስለ ቁማር ሐራምነት ብዙ አንልም፤ ሱረቱል ማኢዳ 90 እና 91ን ሁላችንም ቀርተናል። አሠራሩን ግን ብንረዳው ይጠቅማል።

ብዙዎቹ የውጭ ካዚኖዎች ገንዘብ ሲገባላቸው ማንነት አይጠይቁም። ሲወጣ ግን የመታወቂያ ፎቶ ከፊትና ከኋላ፣ ከዚያም ፊትን እያዞሩ የሚቀረጽ ሰልፊ ይፈልጋሉ። ሶፍትዌሩ ፊቱን ከመታወቂያው ፎቶ፣ ስሙን ደግሞ ገንዘቡ ከሚገባበት ሒሳብ ጋር ያመሳክራል። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ጣጣ አለ፦ «ሙሐመድ» በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በ«ዩ»፣ ሌላው ላይ በ«ኦ» ይጻፋል። የአያት ስምም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠርና አይገጥምም ተብሎ ይመለሳል። የሰው መታወቂያ ፍለጋ የሚጀመረው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

ምርመራው በራሱ ክፉ አይደለም። የወንጀል ገንዘብ በቁማር በኩል ንጹሕ መስሎ እንዳይወጣ ነው፤ በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 780/2005 የወጣው ይህንኑ ድርጊት ለመከላከል ነው። ጥያቄው ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል የሚለው ነው። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2011 ጀምሮ ኦንላይን አቋማሪዎች ደንበኛው ከመጫወቱ በፊት ማንነቱን እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። ገንዘቡ «በማጣራት ላይ» ተብሎ ሲቆይ ግን በብዙዎቹ ዘንድ ማውጣቱን ሰርዞ መልሶ መጫወት ይቻላል፤ ትዕግሥቱ አልቆ የሚመልሰውም አለ። መዘግየቱ ለማን እንደሚጠቅም መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራን፣ የዓይን አይሪስንና የፊት ምስልን ይዟል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ የሚከፈተው በእሱ ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት አይቀየርም። ያዋሰ ልጅ በካዚኖው መዝገብ ላይ ቁማርተኛው እሱ ነው፤ ገንዘቡ የወንጀል ሆኖ ቢገኝም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ ያለበት ሰው ነው። በዲናችንም በኃጢአት መተባበር በዚያው ሱራ ቁጥር 2 ተከልክሏል፤ «አልተጫወትኩም» ማለት አያድንም።

ቁማሩን ትቶ ገንዘቡ እዚያ የቀረበት ወንድም ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያስገባው ዋናና «ያሸነፈው» በሸሪዓ አንድ ዓይነት ሑክም ላይኖራቸው ስለሚችል ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ፤ ሲያወጣም በገዛ ስሙ ብቻ። ፋይዳችሁን አስቀድማችሁ የሰጣችሁ ካላችሁ ደግሞ የቴሌብርና የባንክ ፒናችሁን ዛሬውኑ ቀይሩ፤ የማታውቁት ገንዘብ ከገባም ሳትነኩት ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቁ።

ወላሁ አዕለም።