ከጣሪያችን የሚወርደው ውኃ

በሞያሌ ዝናብ የምንጠብቀው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ቦረናዎች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን «ገና»፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን «ሀገያ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ግን አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ብዙ ከብት አለቀ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ኤልኒኞ ያበረታው ዝናብ ጎርፍ አስከተለ።

ድርቅና ጎርፍ እንዴት ተከታትለው ይመጣሉ? የድንጋይ ከሰል፣ ቤንዚንና ናፍጣ ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት አምቆ ይይዛል። አየሩ ሲሞቅ ከአፈርና ከኩሬ ብዙ ውኃ ይተናል፤ ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም፣ ሲዘንብ ደግሞ ኃይለኛ ይሆናል። ጭሱ በአብዛኛው የእኛ አይደለም፤ ጉዳቱ ግን ደርሶብናል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? የዘነበውን እንያዝ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 2,000 ሊትር ይወርድበታል፤ ይህም 100 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ጥቂቱ ቢፈስና ቢተን እንኳ ብዙው ይተርፋል።

የሚያስፈልገው አሸንዳና ክዳን ያለው በርሜል ወይም ታንከር ነው። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋ። የተጠራቀመው ችግኝ ያጠጣል፤ ችግኙንም ፍየል እንዳይበላው በእሾህ እንጠር።

ወላጆቻችን፣ ሀገያ ሳይገባ አሸንዳውን አብረን እንስቀል።