ላብ የማይደርቅበት ሌሊት፦ ከኮልፌ ቀራንዮ እስከ ዶሃ

በ2012 ዓ.ም. የደመራ ዕለት፣ መስከረም 16፣ በአዲስ አበባ የደመራው እሳት ከስሞ አመዱ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ በቀጠር ዋና ከተማ በዶሃ 68 ሴቶች ለዓለም ሻምፒዮና የማራቶን ውድድር ተሰለፉ። በእነርሱም በእኛም ሰዓት ለሌሊቱ 6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ፀሐይን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ ወደ እኩለ ሌሊት ቢዛወርም፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 73 በመቶ ገደማ ነበር። ከ68ቱ ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጡ። ኢትዮጵያን የወከሉት ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም ካቋረጡት መካከል ነበሩ።

«ሙቀት ነዋ!» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ መልሱ ግን ግማሽ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በኮልፌ ቀራንዮ፣ በነሐሴ ጧት፣ ወጨጫ ተራራ ደመና ለብሶ ሳለ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ የሚሮጥ ወጣት 80 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ሊሮጥ ይችላል። መቶኛው ከዶሃው ሌሊት ይበልጣል። ሆኖም ላቡ ይደርቅለታል፤ አካሉም እስከ አደጋ አይግልም። ምስጢሩ ምን ይሆን?

አስቀድመን ስሌቱን እንመልከት። አንድ ሯጭ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ፣ አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። እንግዲህ 50 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሯጭ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ 850 ኪሎ ካሎሪ ታወጣለች። ከዚህ ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው አንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን፣ የቀረው 680 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይሆናል። ይህ ሙቀት መውጫ ቢያጣ የሰውነቷ ሙቀት በየአራት ደቂቃው ገደማ አንድ ዲግሪ በጨመረ ነበር። በሞቃት አየር ዋናው መውጫ ላብ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ሲተን ነው ያልነው። መሬት ላይ የተንጠባጠበ ላብ ውሃና ጨው ከማባከን በቀር የሚያበርደው ነገር የለም።

የመትነኑን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው በእርጥብ ቆዳ ላይ ባለው የውሃ ተን ግፊትና በአየሩ ውስጥ ባለው የተን ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። 35 ዲግሪ በሆነ ቆዳ ላይ ግፊቱ 42 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ተን ስለማይዝ፣ 15 ዲግሪ የሆነው የኮልፌ አየር እርጥበቱ 80 በመቶ ቢደርስም የተኑ ግፊት ከ10 እምብዛም አያልፍም፤ ልዩነቱ 32 ይሆናል። በዶሃው የሴቶች ውድድር የአየሩ ግፊት 27 ያህል ስለነበረ የቀረው ልዩነት 15 ብቻ ነው፤ ከኮልፌው ግማሽ እንኳ አይሞላም። በአየር ትንበያ ላይ የሚነገረው መቶኛ ለሯጭ አታላይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት ወንዶቹ ሲሮጡ ሙቀቱ ወደ 29 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ወደ 50 በመቶ ግድም ወርዶ ነበር፤ ልዩነቱም ወደ 27 ከፍ አለ። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው በአራት ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጡ። ድሉን ሁሉ ለአየሩ መስጠት ሯጮቹን መበደል ይሆናል፤ ሦስቱን ሴቶች በድካም መውቀስም እንዲሁ።

የከፍታ ልምምድ ለዚህ ችግር ይበቃል ብሎ ማሰብ አይገባም። ከፍታ የሚያበዛው ቀይ የደም ሕዋሳትን ነው። በሙቀት ጊዜ ግን ጡንቻ ኦክስጅን ለማግኘት፣ ቆዳ ደግሞ ሙቀት ለማውጣት፣ አንዱን ደም ይሻሙበታል፤ ላብም የደሙን ፈሳሽ ክፍል ማለትም ፕላዝማውን ያጎድላል። አካል ከ10 እስከ 14 ቀናት በሙቀት ውስጥ ሲለማመድ ፕላዝማው ይበረክታል፣ ላብ ቀደም ብሎና በዝቶ ይወጣል፣ በላቡ ውስጥ ያለው ጨውም ይቀንሳል። ይህ ብቃት ልምምዱ ከቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

ታዲያ የኮልፌው ሯጭ ሙቀቱን ከየት ያምጣው? አቅም ላለው፣ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጋምቤላ በክረምት ሞቃትም እርጥብም ናት። አቅም ለሌለው ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ሯጮች ለስድስት ተከታታይ ቀናት ከልምምድ በኋላ 40 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ እስከ 40 ደቂቃ በመቆየት ሙቀትን የመቋቋም ብቃታቸው እንደ ጨመረ አሳይቷል። ፍል ውሃ ያለባት ከተማ ይህን ሳትጠቀምበት መቅረቷ ያስቆጫል። ብቻውን ግን ማንም አይሞክረው፤ ከሙቅ ውሃ ድንገት ሲነሡ ራስን መሳት አለና። ላስቲክ ለብሶ «ስብ አቀልጣለሁ» የሚለው ወገንም የሚያጣው ውሃ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ሲጠጣ ክብደቱ ይመለሳል።

በሩጫ መካከል የተደናገረ፣ የተንገዳገደ ወይም ንግግሩ የተሳከረበት ሯጭ የአካሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ውሃ ለማጠጣት መታገል ትን ሊያስብለው ስለሚችል አይገባም። ወዲያውኑ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ገንዳ ከሌለም በባልዲ ያለማቋረጥ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ ያስፈልጋል። አምቡላንስ እየተጠራ ማቀዝቀዙ አይቋረጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰደውም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።