ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣዱ ይዘገያል፣ ፍሪጁ ይቃጠላል

የበዓል ዋዜማ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዷል፤ በሶኬቱ ላይ 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 180 ወርዷል። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ነገር ይታያል። ምጣዱ አልግል ብሎ እንጀራው ዓይን አላወጣም። ፍሪጁ «ጠቅ» ይልና ለጥቂት ሰኮንድ ያጓራል፣ ተመልሶ «ጠቅ» ብሎ ጸጥ ይላል። ቴሌቪዥኑ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ዜናውን ያወራል። መስመሩ አንድ ነው፣ ቮልቴጁም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ በሚወስደው ከረንት በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ቀላሉ ምጣዱ ነው። ከሸክላው ሥር በተቆፈረው ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ተዘርግቷል። ከረንቱ በዚህ ሽቦ ውስጥ እየታገለ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ከዚህ ሌላ ሥራ የለበትም። ካውያም፣ ምድጃም፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያም እንዲሁ ናቸው፤ ባለሙያዎች ረዚስቲቭ ሎድ ይሏቸዋል። ቮልቴጁ ሲቀንስ ከረንቱም አብሮ ስለሚቀንስ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፦ በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስበው ምጣድ በ180 ቮልት 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ያገኛል። ሙቀቱ በአንድ ሦስተኛ ጎደለ ማለት ነው። ጋጋሪዋ ትቸገራለች እንጂ ምጣዱ ምንም አይሆንም።

የምጣድ አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። 3,500 ዋት ማለት 16 አምፔር ያህል ነው፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። ከረንት እጥፍ ሲሆን በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ምጣድን በተራ ዲቫይደር ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ስፒናው ጠቁሮ ወይም ሶኬቱ ቀልጦ ከታየ መስመሩ አልቻለም ማለት ነው፤ ምጣድ ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ የተሳበና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ይፈልጋል።

ፍሪጁ ግን ሌላ ዓለም ነው። በጀርባው ያለው ኮምፕሬሰር ሞተር ነው፤ ሞተር ደግሞ ከረንቱን መጀመሪያ ወደ ማግኔት ኃይል ለውጦ ነው የሚሽከረከረው። የውሃ ፓምፕ፣ ቬንትሌተርና የወፍጮ ቤቱ ሞተርም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ ኢንዳክቲቭ ሎድ ይባላሉ። የሞተር ጠባይ የሚገለጠው ሲነሣ ነው። መሽከርከሩ ራሱ ከረንቱን የሚገታ ግፊት ይፈጥራል፤ ቆሞ ሳለ ግን ያ ግፊት ስለሌለ ለቅጽበት በሥራ ላይ ከሚወስደው አምስትና ስድስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል። ፍሪጁ ሲነሣ አምፖሉ ለአፍታ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር የሚገዛ ሰውም ፍሪጁ 150 ዋት ነው ብሎ 200 ዋት ቢገዛ ሞተሩ ገና ሲነሣ ያጠፋበታል።

አሁን 180 ቮልቱን አስቡት። የሞተሩ የመነሻ ጉልበትም እንደ ምጣዱ ሙቀት በአንድ ሦስተኛ ይጎድላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ለመግፋት ይታገላል፣ አይዞርም። ስላልዞረ ያ ትልቁ የመነሻ ከረንት አይወርድም፤ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ እየፈሰሰ ያግለዋል። ያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ የሚሰማው በኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው መከላከያ ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት መስመሩን ሲቆርጥለት ነው። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሰጠዋል፣ ሞተሩም መልሶ ይሞክራል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ከተደጋገመ በሽቦው ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ይቃጠልና ኮምፕሬሰሩ ያከትማል። ማጓራቱን የሰማ ሰው ስፒናውን ይንቀል፤ ውስጡ ያለው ምግብ በሩ ካልተከፈተ ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም።

መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ኮምፕሬሰሩ እንደቆመ ጋዙ በአንድ ወገን እንደታመቀ ነው፤ ግፊቱ እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። በገበያ ያለው የፍሪጅ መከላከያ መብራት ከመጣ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። የፍሪጁን ዋጋ ስናስብ፣ መከላከያው በእኔ እምነት ከፍሪጁ ጋር አብሮ መገዛት ያለበት ነገር ነው። አዳዲሶቹ ኢንቨርተር ፍሪጆች ቀስ ብለው ስለሚነሡ ችግሩ ይቀልላቸዋል።

ቴሌቪዥኑ፣ የስልክ ቻርጀሩና ኤልኢዲ አምፖሉ የሚወስዱትን ራሳቸው ይመጥናሉ። ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንት ጨምሮ ይወስድና ሥራውን ይቀጥላል። እነዚህን የሚገድላቸው መብራት ሲመለስ አንዳንዴ የሚመጣው ድንገተኛ የቮልቴጅ ከፍታ ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃም በዚሁ ዓይን ይታይ። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። 900 ዋት የሆነ የቡና ማፍያ በቀጥታ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሰካ ከ3,000 ዋት በላይ ስቦ ይቃጠላል፤ በቂ አቅም ባለው ትራንስፎርመር ግን ያለ ችግር ያፈላል። የዚያ አገር ፍሪጅ ግን በትራንስፎርመርም አይድንም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ላይ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ከልኩ በላይም ይሞቃል። ላኪው ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ከዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክ፤ ሞተር ያለው ከሆነ መጀመሪያ የሚነበበው ኸርዙ ነው።