ስለ ሞኒተር ገመድ፤ ከአናሎግና ከዲጂታል የትኛው ለቤት ይሻላል

ኮምፒዩተር ወደ ቤት በሚገባበት ጊዜ የቤቱ ጌታም ሆነ የቤቱ እመቤት አብዝተው የሚመክሩት ስለ መሣሪያው ዋጋና ስለ ስክሪኑ ስፋት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ግን ከካርቶኑ ውስጥ አስቀድሞ እጅ ላይ የወጣው ይያዝና፥ በገጠመለት ቀዳዳ ተሰክቶ ይረሳል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ፥ ማታ ማታ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ የሚያነበው ሰው ዐይኔ ደከመ፥ ፊደሉም ጥላ ያለበት መሰለኝ ብሎ ሲናገር፥ ጥፋቱ ለዕድሜ ወይም ለመብራቱ ይሰጣል። ዐይን በዕድሜ መድከሙ እውነት ነው፤ መነጽርም የሚያስፈልገው ሰው ያሠራ። ነገር ግን የሞኒተሩን ጀርባ ዞሮ መመልከት አንዳች ወጪ የለበትምና፥ ይህም አብሮ ሊደረግ ይገባል።

ሥዕልን ከኮምፒዩተሩ ወደ ሞኒተሩ የሚያደርሱት መንገዶች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው አናሎግ የሚባለው ነው። ከዚህ ወገን በየቤቱ የሚታወቀው ቪጂኤ ሲሆን፥ ራሱ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ፒን የሚባሉት ቀጫጭን መርፌዎች በሦስት ረድፍ ዐሥራ አምስት ስፍራ ይይዛሉ፤ በግራና በቀኝም በብሎን ይጠብቃል። ይህን ያወጣው አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1987 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በገመዱ ውስጥ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም በየራሳቸው ሽቦ ይጓዛሉ፤ የእያንዳንዳቸውም ድምቀትና ፍዘት ከዜሮ እስከ 0.7 ቮልት በሚወጣና በሚወርድ ኤሌክትሪክ ይገለጻል። ሌሎች ሁለት ሽቦዎች አዲሱ መስመርና አዲሱ ገጽ መቼ እንደሚጀምር ያስታውቃሉ። ሁለተኛው ዲጂታል የሚባለው ነው፤ እርሱ ቀለሙን በቍጥር ጽፎ ይልካል እንጂ በቮልት ከፍታ አይለካም።

ቪጂኤ በተሠራበት ዘመን የነበረው ሞኒተር ጀርባው ከባድ የሆነ የመስታወት ቱቦ ነበረ። በቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ጨረር ከገመዱ የመጣው ቮልት ሲበረታ ይበረታል፥ ሲደክምም ይደክማል። ገመዱና ሞኒተሩ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ነበሩና በመካከላቸው አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበረ። ስለዚህ እንዲህ ያለ አሮጌ ሞኒተር ያለው ሰው ዲጂታል ካልሆነ አልቀበልም ቢል በከንቱ ይደክማል።

የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ስፋቱ 1920 በ1080 የተባለ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱም ነጥብ ስፍራው የተወሰነ ነው። ሥዕሉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳለ ቍጥር ነው። በቪጂኤ በሚላክበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ ቍጥሩን ወደ ቮልት ይለውጠዋል፤ ሞኒተሩ ደግሞ ቮልቱን ለክቶ እንደ ገና ወደ ቍጥር ይመልሰዋል። አንድ ሰው በአማርኛ የተናገረው ቃል ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጕሞ፥ ከዚያ በሌላ አስተርጓሚ ወደ አማርኛ ቢመለስለት፥ ፍሬ ነገሩ ይደርስ ይሆናል እንጂ ቃሉ እንደ ወጣ አይመለስም። ከዚህም በላይ፥ አንዱ ነጥብ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በቪጂኤ ገመድ ላይ የሚናገር ምልክት የለም፤ ሞኒተሩ በግምት ጊዜውን መቍጠር አለበት። ቈጠራው ጥቂት የተዛነፈ እንደ ሆነ የፊደሉ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፥ ወይም ይደበዝዛል። ገመዱ ረዥምና ቀጭን ሲሆን ደግሞ በፊደሉ ጎን ፈዘዝ ያለ ጥላ ይታያል።

ይህ ጕዳት ለሚንቀሳቀስ ሥዕል ቀላል ነው፤ ለጽሑፍ ግን፥ ይልቁንም ለአማርኛ ጽሑፍ፥ ከባድ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው እጅግ በትንሽ ቅጥያ ነውና። ‹ቤቱ› እና ‹ቤቴ› የሚለያዩት፥ አንደኛው በእግሩ ወገብ ላይ ጭረት፥ ሁለተኛው በእግሩ ጫፍ ላይ ቀለበት ስላላቸው ብቻ ነው። ፊደሉ አንሶ ጠርዙ ከደበዘዘ ዐይን ከቅርጹ ይልቅ ከዐረፍተ ነገሩ እየገመተ ያነባል፤ ድካሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። የውርስ ወይም የሽያጭ ውል ለሚመረምር ሰው ደግሞ የሌላው ቤትና የራሱ ቤት መለየታቸው ትንሽ ጕዳይ አይደለም።

ዲጂታሉ ወገን በየጊዜው ልዩ ልዩ ራስ ይዞ መጥቷል። ዲቪአይ የተባለው በ1999፥ ኤችዲኤምአይ በ2002፥ ዲስፕሌይፖርት በ2006 ወጡ። በእነዚህ ሥዕሉ ቍጥር ሆኖ ወጥቶ ቍጥር ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ጠፍጣፋው ሞኒተርም ዲጂታል ቀዳዳ ካላቸው ያለ ክርክር በዚያ ይገናኙ። ኤችዲኤምአይ ድምፅንም ጨምሮ ይወስዳል፤ ስለዚህ ገመዱ በተለወጠበት ቀን ድምፅ ማጉያው ዝም ቢል መሣሪያው ተበላሸ ተብሎ አይደንገጥ፤ ድምፁ ወደ ሞኒተሩ ሄዶ ይሆናልና በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ መመለስ ይቻላል።

ነጋዴው ግን በዚህ ምክንያት ወርቅ የተቀባ ውድ ገመድ ሊሸጥ ቢፈልግ አይሰማ። የዲጂታል ገመድ ሲደክም ፊደሉን በጥቂቱ አያደበዝዝም፤ ወይ ስክሪኑ ላይ ብልጭልጭ የሚሉ ነጥቦች ይታያሉ፥ ወይ ሥዕሉ ጨርሶ ይጠፋል። በሁለት ሜትር ርቀት ሥዕሉን ያለ እንከን የሚያደርስ ርካሽ ገመድ ከውዱ ጋር አንድ ዐይነት ሥዕል ያሳያል። ስክሪኑ 3840 በ2160 የሆነለት ወይም ገመዱን ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘረጋ ሰው ብቻ ለዚያ መጠን የተመሰከረለትን ገመድ ይጠይቅ።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በአዳፕተር ነው። ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የሚለውጠው አዳፕተር ቍጥሩን ወደ ቮልት የሚመልስ ሥራ በውስጡ አለበት፤ የሚሠራውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ከአዲስ ሞኒተር ጋር ለማገናኘት ይህን ገዝቶ ገልብጦ የሚሰካ ሰው ጥቍር ስክሪን ብቻ ያያል። ስለዚህ ሻጩን ‹ሁለቱን ያገናኛል ወይ› ብሎ ሳይሆን ‹ከየትኛው ተነሥቶ ወደ የትኛው ይሄዳል› ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዲቪአይ ደግሞ ቀዳዳውን ማየት ይበቃል፤ በጠፍጣፋው ስንጥቅ ዙሪያ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ አናሎግንም ይሰጣልና ርካሹ አዳፕተር ይበቃዋል፤ ከሌሉ ግን በዚያ አዳፕተር ቪጂኤ አይገኝበትም። ዲቪአይንና ኤችዲኤምአይን ማገናኘት ቀላል ነው፤ ሥዕሉ የሚጓዝበት ሥርዐት አንድ ነውና።

ሌላም በየቤቱ የሚታይ ነገር አለ። በኮምፒዩተሩ ላይ የሥዕል ካርድ ለብቻው ገዝተው ያስገቡ ሰዎች የሞኒተሩን ገመድ በድሮው ቀዳዳ እንደ ሰኩት ይተዉታል፤ ብር የተከፈለበት ካርድም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ገመዱ ወደ ካርዱ ቀዳዳ መዛወር አለበት።

ኮምፒዩተሩ ከቪጂኤ በቀር ሌላ ቀዳዳ የሌለው እንደ ሆነ ይጣል አንልም። ለልጆች ትምህርትና ለደብዳቤ የሚበቃ መሣሪያ በገመድ ምክንያት ከቤት አይወጣም። አስቀድሞ በማስተካከያው ውስጥ ሪዞሉሽን የሚባለው የነጥብ ልክ ከስክሪኑ የራሱ ልክ ጋር እኩል ይደረግ፤ ለዐይን ድካም ከሁሉ የሚከፋው የዚህ አለመመሳሰል ነው፤ በዲጂታል ገመድም ቢሆን ያደበዝዛል። ቀጥሎ ነጭ ሆኖ ፊደል የሞላበት ገጽ ስክሪኑን ሁሉ እንዲሸፍን ተከፍቶ፥ በሞኒተሩ ላይ ‹አውቶ› የሚለው ቍልፍ ይነካ። ጥቍር ገጽ ተከፍቶ ቢነካ ሞኒተሩ የሥዕሉን ዳር ማግኘት ይቸግረዋል። ገመዱም አጭርና ወፍራም ይሁን፥ ብሎኖቹም ይጥበቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፊደሉ ካልጠራ ያን ጊዜ ስለ አዲስ መሣሪያ ማሰብ ነው።

የቪጂኤ ዘመን እያለፈ መሆኑን ሠሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ኢንቴል፥ ኤኤምዲ፥ ዴል፥ ሌኖቮና ሌሎችም በ2010 ዓመት መጨረሻ ላይ አናሎጉን ቀስ በቀስ እንደሚተዉ አስታውቀው ነበረ። ቢሆንም ሰማያዊውን ገመድ ከመጣል ጠቅልሎ በመሳቢያ ማስቀመጥ ይሻላል፤ በስብሰባ አዳራሾች ከሚገኙት አሮጌ ፕሮጀክተሮች ከእርሱ በቀር ሌላ የማይቀበሉ እስካሁን አሉ።