ከአሮጌ ብረት የወጣው ሰማያዊ ዱቄት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ወደ ተተወ የጨረር ሕክምና ማዕከል ገቡ። የካንሰር ማከሚያውን ማሽን ከባድ ክፍል ነቅለው ወሰዱ። ያሰቡት ብረቱን ለመሸጥ ነበር።

በውስጡ 93 ግራም የሲሲየም ክሎራይድ ጨው ነበር። በዚያች ትንሽ ዱቄት ውስጥ በየሰከንዱ 50 ትሪሊዮን ያህል የሲሲየም 137 አተሞች ይፈርሱ ነበር። ዕቃውን የገዛው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ማታ ሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ተደነቀ፤ ወደ ቤቱ አስገብቶ ዘመድ ጎረቤቱን ጠራ። ዱቄቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገላቸውን የተቀቡትም ነበሩ። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ በነካችበት እጇ ምግብ በላች።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ተማሪ አጥብቆ ሊይዘው የሚገባው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ራጅ የተነሳ ሰው ጨረር አልፎበታል እንጂ አልተበከለም፤ ከክፍሉ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። ብክለት የሚባለው ጨረር የሚያመነጨው ቁስ ራሱ ቆዳ፣ ልብስ ወይም አፈር ላይ ሲያርፍ፣ አልያም ከምግብና ከአየር ጋር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነው። ከአንድ ትንሽ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። የዋጡትን ዱቄት ግን መራቅ አይቻልም።

በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች መታመማቸውን ያስተዋለችው የነጋዴው ሚስት ነበረች። ዕቃውን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ መለኪያ ተውሶ ሲቀርብ ንባቡ ከልክ አለፈ፤ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም ያንኑ አሳየ።

ከዚያ በኋላ 112,000 ያህል ሰዎች ተመረመሩ፤ 249ኙ ተበክለው ተገኙ። ልጅቷንና የነጋዴውን ሚስት ጨምሮ 4 ሰዎች ሞቱ። ሲሲየም ወደ ሰውነታቸው የገባባቸው ሕሙማን ፕሩሺያን ብሉ የተባለ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አንጀት ውስጥ ሲሲየሙን ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል።

ፍርሃቱም የራሱን ጉዳት አደረሰ። በልጅቷ ቀብር ላይ ሰዎች ድንጋይ ወረወሩ፤ ዱቄቱን ያልነኩ የጎያኒያ ነዋሪዎች ሳይቀሩ ተገለሉ።

የተበከለው አፈርና ፍርስራሽ በአባዲያ ደ ጎያስ ተቀብሯል። የሲሲየም 137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ መጠኑ ወደ አንድ ሺኛ ለመውረድ 300 ዓመት ያህል ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አዲስ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይፋ አደረገ፦ በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሸሽ ሰው። ምልክቱ የሚለጠፈው ማሽኑን ፈትቶ ወደ ምንጩ የሚቃረብ ሰው በሚያየው ቦታ ላይ ነው። የፊዚክስ መምህራን ግማሽ ዕድሜን በቀመር ሲያስተምሩ ይህንንም ምልክት ሰሌዳው ላይ ቢስሉት፣ ትምህርቱ ማሽኑን ከሚፈታው ሰው ጋር ለሚኖሩ ልጆችም ይደርሳል።