የውኃ ቀለምና የቆላው ሙጫ

ቀይ ጣሪያ የለበሱ ቤቶች፣ ከመካከላቸው ብቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ ከኋላ ጭጋግ የዋጠው ኮረብታ፦ አነስተኛ የጀርመን ከተማን የሚያሳይ የውኃ ቀለም ሥዕል በአብዛኛው እንዲህ ነው። በኢምፕሬሽኒስት ስልት ከተሣለ መስኮቱም በሩም ተለይቶ አይታይም፤ ሠዓሊው የሚያሳድደው ብርሃኑን ነው። ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር ያጣበቀው ነገር ግን በጀርመን አይበቅልም። የግራር ሙጫ ነው፤ በነገሌ ቦረናና በያቤሎ ዙሪያ ያሉ ግራሮች የሚያወጡት ዓይነት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልሞ የተፈጨ የቀለም ዱቄት በውኃ ከሟሟ ሙጫ ጋር ይለወሳል፤ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ማር ወይም ግሊሰሪን ይጨመርበታል። ብሩሹ ካረፈ በኋላ ውኃው ይተናል፤ ሙጫው ዱቄቱን ይዞ ይቀራል። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ ሠዓሊው ከፈዛዛው ተነሥቶ ወደ ደማቁ ይሄዳል፤ አንዴ ያጠቆረውን መልሶ ማንጣት ይከብደዋል። ለጭጋግና ለደመና ወረቀቱን አስቀድሞ ያረጥበዋል፤ ቀለሙም በራሱ ይሰራጫል። በቆላ ፀሐይ ወረቀቱ ቶሎ ስለሚደርቅ ማለዳና ጥላ ይመረጣሉ።

የተሻለውን ሙጫ የሚሰጠው በሳይንሳዊ ስሙ አካሺያ ሴኔጋል የተባለው ግራር ነው። በዓለም ገበያ ቀዳሚዋ ሱዳን ናት። በቦረናና በሊበን ቆላ ብዙውን ጊዜ ዛፉን የሚያቆስለው የለም፤ በበጋ ራሱ ያወጣውን ከብት ጠባቂዎች ለቅመው ለነጋዴ ይሸጣሉ። ዋና ፈላጊዎቹ የለስላሳ መጠጥ፣ የከረሜላና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ናቸው።

የጀርመን ሠዓሊም ለደቡባችን እንግዳ አይደለም። ዛሬ ፍሮቤኒየስ ኢንስቲትዩት የሚባለው የፍራንክፈርት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1934 እና 1935 በአዶልፍ የንሰን መሪነት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የጥናት ቡድን ልኮ ነበር። ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ገና አልተስፋፋምና ሠዓሊም አብሮ ተጓዘ፤ ቢበራህ በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ የተወለደው አልፍ ባይርሌ ነው። ቡድኑ ኮንሶንና ሌሎች የደቡብ ሕዝቦችን አጥንቶ ሲመለስ፣ የጉዞው መጽሐፍ በ1936 «በገዳ ምድር» በሚል ርእስ በጀርመንኛ ታተመ።

ቆላውን ለመሣል ግን ከሩቅ የሚመጣ ሠዓሊ መጠበቅ አያስፈልግም። ንጹሕ ሙጫ፣ በነጠላ የተነፋ የቦረና ቀይ አፈር፣ የተፈጨ ከሰልና ጠብታ ማር በነገሌ ገበያና ደጅ ይገኛሉ። የሥዕል መምህራን ሆይ፣ ከውጭ የሚገባው የቀለም ሣጥን ቢወደድባችሁ፣ ከተማሪዎቻችሁ ጋር የራሳችሁን ለውሳችሁ ሞክሩ።